ማልያውን መጥቶ ይውሰደው

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢያችሁ «ከእንግዲህ ዋልያ ሚባል ነገር በቃኝ፣ ልቤን አሳርፌ አርሰናሌን ልይበት» ብሎ የጻፈውን አንብቤ ቆሽቴ አረረ። ሰውየው የት ከተማ እንደሚኖር አልጻፈም ግን ወላሂ የኔን ቤት ደንበኛ መሰለኝ። እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት አለኝ፣ ትንሽ ናት፣ አግዳሚው ሲጠጋጋ ስልሳ ሰው ትይዛለች፣ ሻይና ሳምቡሳም እሸጣለሁ። ስለዚ ማን ማንን እንደሚደግፍ በወሬ አይደለም ማውቀው፣ በመግቢያ ብር ነው።

ጥቅምት 2 ቀን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጊኒ ኮትዲቯር አቢጃን ላይ 4 ለ 1 ስትቀጣን ቤቴ ውስጥ ሃያ ሰው አይሞላም ነበር። ጊራሲ ሚባለው ልጃቸው ብቻውን ሶስት አገባብን። ሶስተኛውን ሲያገባ ከፊት የተቀመጠ አንድ ደንበኛዬ (ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል) ብድግ አለና የለበሰውን አረንጓዴ ማልያ አውልቆ፣ በካናቴራ ቀርቶ፣ ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ። «እንቺ፣ ጠረጴዛ ጥረጊበት» ብሎኝ ወጣ። ማልያው በላብ ርሶ ነበር፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የሳምቡሳ ዘይት ጠብ ብሎበታል። የሻዩንም አልከፈለ። በሶስተኛው ቀን እዛው አቢጃን ላይ 3 ለ 0 ደገሙን፣ ያን ቀን የመጣው ሰው ስምንት ነው፣ ከስምንቱም ሁለቱ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ የገቡ ናቸው።

ማልያውን የወረወረው ልጅ ግን ቅዳሜ አርሰናል ሲጫወት ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ቀይ ለብሶ። «ወርያ፣ ከኳስ ተጣልቼያለሁ አላልክም እንዴ?» ስለው «አቦ እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ሌላ? ያን ቀን በርንማውዝ 2 ለ 0 አሸነፈው፣ ተከላካያቸው ሳሊባም በቀይ ወጣ፣ ልጁ ግን ማልያውን አላወለቀም፣ እንደውም ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። አርሰናል ሊጉን ከወሰደ እኮ 20 ዓመቱ ነው፣ በ1996 ነው የወሰደው፣ ያኔ ይሄ ልጅ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ነሐሴ ላይ «ዘንድሮ የኛ ነው» ይላሉ፣ ግንቦት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ፣ ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ያው ናቸው። እኔ በሱ አልፈርድም፣ ገበያዬም ናቸው፣ ግን ለሎንዶን ሃያ ዓመት የታገሰ ሰው ለራሱ ልጆች ሃያ ቀን ሲያጣ ያበሽቃል።

ደሞ ተሸንፎ ማያውቅ ሰው አይምሰላችሁ የምጽፈው። በ2005 ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን ብለን ስንጨፍር ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ያረገችን ጊዜ አለሁ። የዛኑ ዓመት ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን እዚህ ድሬ ከዚራ ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እየነፋ ሲዞር፣ ጭፈራው ሳይበርድ ቦትስዋና ላይ በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች አሰልፋችኋል ሚለው ወሬ ደረሰ፣ ቆይቶም 3 ነጥባችን ተቀነሰ። እሱንም አልፈን ጥቅምት 2006 ላይ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ጎል መራናት፣ ዓለም ዋንጫ እኮ በር ላይ ነው ያለነው፣ የነሱ ኤመኒኬ አንድ አገባ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ በፔናሊቲ ጨረሰን። ያን ቀን ካለቀስኩት በላይ ያለቀስኩት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። በነጋታው ግን ሻይ አፈላሁ፣ ናይጄሪያ ካላባር ላይ ያለውንም የመልስ ጨዋታ ጠብቄ አየሁ፣ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ እሱንም አየሁ።

ይሄ ነገር ከአባቴ ነው የወረስኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ሲደረግ ልጅ ነበር፣ ስታዲየም በር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ይሸጥ ነበር። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን እና ዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ ኪንሻሳ) ነበሩ። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና ድሬ መጣች፣ አንድ ጨዋታ እንኳን ሳታሸንፍ ሄደች። ሞሮኮ ደሞ ከዚ ተነስታ ዋንጫውን በላች። የኛዎቹ አዲስ አበባ ነበሩ፣ አዘጋጅ ሆነን ከምድባችን አላለፍንም፣ አባቴ እሱን በሬዲዮ ነው የሰማው። ከዛ ወዲህ ዋልያ በተሸነፈ ቁጥር «ዛየርም እኮ ተሸንፋ ሄዳለች» ነበር ሚለው፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ቅሬታ ካላችሁ እኔም አለኝ፣ ያውም ብዙ። የጊኒው ሁለተኛ ጨዋታ እኮ በወረቀት «ሜዳችን» ነበር። አቢጃን ሜዳችን! ከታንዛኒያ ጋር ደግሞ «ሜዳችን» ኪንሻሳ ነበር፣ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ እንኳን ያ ደስታ ሊሎንግዌ ነው የፈሰሰው፣ ማላዊ ውስጥ። የአፍሪካን ኳስ ሚመራው ካፍ ሚቀበለው ስታዲየም ስለሌለን ልጆቹ በሰው ሀገር ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታሉ፣ ከዛ «ደጋፊ የለንም» ይባላል። ከአምሳ ዓመት በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃች ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። በዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ያህል ጩሁ፣ እኔም አብሬ እጮሃለሁ፣ ግን ሚጮኸው ጨዋታውን ያየ ሰው ይሁን፣ ሳያይ ውጤት በቴሌግራም አንብቦ ሚሳደበውን ቤቴ አላስገባም (አስገባለሁ፣ ይከፍላል)።

ያ አንባቢያችሁ ይሄንንም አላየም መሰለኝ፦ ህዳር 10 ቀን እዛው ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። አውቃለሁ፣ ኮንጎዎች ቀድመው አልፈዋል፣ እኛም በ4 ነጥብ መጨረሻ ነው የወጣነው፣ እንዳታርሙኝ። ቤቴ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። አምስታችን እንደዛ ስንጮህ ጎረቤቴ እሳት የተነሳ መስሏት በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች፣ ነገሩን ስትሰማ ተሳድባ ተመለሰች፣ ከዛ ደሞ ተመልሳ መጥታ ሻይ ጠጣች።

ማልያውን በኦሞ አጥቤዋለሁ። የዘይቱ ነገር ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ይታያል፣ ቀለሙ ግን ደህና ነው። ከባንኮኒው ኋላ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ልጁ አርሰናል ሊያይ ሲመጣ ሰርቆ ያየዋል፣ እስካሁን ግን አልጠየቀኝም። ጠረጴዛ አልተጠረገበትም ብላችሁ ንገሩልኝ፣ ጋዜጣችሁን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ሲፈልግ መጥቶ ይውሰደው፣ የዛን ቀን የሻይ 15 ብር ግን አለበት።

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ህዳር 2017