የዓሊ ቢራ ድምፅ ከክሩ ላይ ሳይረግፍ ይቀዳ

ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የክቡር ዶክተር ዓሊ ቢራን ሸክላዎችና ካሴቶች ስለ መቅዳትና ስለ መመዝገብ

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣

ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዶ በተወለደባት ድሬዳዋ ተቀብሯል። የትልቅ ሰው መታሰቢያ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ሐውልትና አደባባይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ከሐውልት የሚቀድም፣ ወጪውም በጣም ያነሰ ነገር ነው፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ መዝገብ። ሐውልቱን ከአሥር ዓመት በኋላም ማቆም ይቻላል፤ የካሴት ክር ግን ያን ያህል አይጠብቅም።

የዓሊ ሥራ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አልተቀመጠም። ገና ልጅ ሳለ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሲዘፍን፣ «ቢራ» የሚለውን ስም ባወጣለት ዘፈን ዘመን፣ የተቀረጸ ነገር ከተረፈ በሪል፣ ማለትም ቀፎ በሌለው ትልቅ የክር ጥቅል፣ ነው የሚገኘው። ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ቆይታው በኋላ ሸክላ መጣ፣ ከዚያ ካሴት፣ በውጭ አገር በኖረባቸው ዓመታት ደግሞ ሲዲ። ከአፋን ኦሮሞ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛም ዘፍኗል። ስለዚህ በድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለ ቤት የያዘውን ከዚራ ሰፈር ያለው ላይይዘው ይችላል፤ ሐረር ጀጎል ውስጥም መጠየቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ሥራ በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያው አልበም እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ይህን በድንጋይ ላይ ከመቅረጽ በፊት ዕቃውን አገላብጦ ማየት ይገባል። የዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። መሪዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ አንዱ መሐሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የታተመው የአሳታሚው ተራ ቁጥር፣ ሌላው ዘፈኑ አልቆ መርፌው በሚዞርበት ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረው የማተሚያው ቁጥር ነው። ሁለተኛው መብራት በጎን ካላበሩበት አይነበብም። ሁለቱም በፎቶም በጽሑፍም ይያዙ።

የርዕሶቹ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል (በቁቤ) እንዲጻፍ የተወሰነው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የወጣው ሁሉ ርዕሱ በግዕዝ ፊደል፣ ወይም ጸሐፊው እንደመሰለው በላቲን ተጽፏል። የግዕዝ ፊደል የቋንቋውን ረጅምና አጭር አናባቢ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ አንዱ ዘፈን በሦስት አጻጻፍ ሦስት ዘፈን ሆኖ ይመዘገባል። መዝጋቢው በመጀመሪያ የታተመውን ከነስሕተቱ ይገልብጥ፤ ቁቤውን በሚቀጥለው ዓምድ ያስፍር። አርሞ የሚመዘግብ ሰው ማስረጃ ያጠፋል። ለዚህ ሥራ አፋን ኦሮሞና ሐረሪ የሚሰማ፣ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ ድሬ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይቸግራትም።

ትልቁ ሥራ ያለው ካሴቱ ላይ ነው። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የባለ 60 ደቂቃው ውፍረት 18 ማይክሮን ገደማ፣ የባለ 90ው 12 ገደማ ነው። በእኛ አገር ሙቀት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትለቀው ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሿ ትራስ ናት። ማጣበቂያዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ክሩ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ብረት (ሄዱን) በወጉ ሳይነካ ያልፋል፤ ድምፁ ከጓዳ የሚመጣ ይመስላል። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም። ክሩን አውጥቶ በብሎን በሚከፈት ሌላ የካሴት ቤት ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ቀፎው የተበየደ ከሆነ ጠርዙን በቀስታ መሰንጠቅ ነው። የላላ ክር በእስክሪብቶ ማጥበቅ ይቻላል፤ ሙሉውን በእስክሪብቶ መጠምጠም ግን ክሩን ያጨማድዳል።

ክር የሚበላው ቴፑ ነው። ክሩን የሚጎትተው ጎማ ሲደነድን ወይም ሲቆሽሽ ክሩ ይጠመጠምበታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካሴት በፊት ሄዱና የብረቱ ዘንግ በ99 በመቶ አልኮል ይጠረጉ፤ ጎማው ግን አልኮል ስለሚያደርቀው በሳሙና ውሃ ይጠረግ።

ብዙዎች የሚረሱት ሄዱ ለክሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ነው። ከሄዱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ብሎን በጥቂቱ ከተዛነፈች ቀጫጭኑ ድምፅ፣ ጸናጽሉ፣ የ«ስ» እና የ«ጭ» ጥራት ይጠፋል። ካሴቱን የቀዳው ቴፕ ያኔ የነበረው ዝንባሌ ከአሁኑ ማጫወቻ ጋር ስለማይገጥም ብሎኗ ለእያንዳንዱ ካሴት በጆሮ ትስተካከላለች። ግራና ቀኙን ወደ አንድ አዋህዶ ማዳመጥ ጉድለቱን ቶሎ ያሳብቃል። ፍጥነትም አለ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል፣ ዓሊም ዓሊ መሆኑ ይቀራል። በየሳምንቱ ባለ 3150 ኸርዝ መፈተኛ ካሴት አስገብቶ ማየት ነው። ከሙዚቃ ቤት የወጣ ኦርጅናል ካለ የኮፒ ኮፒ አይቀዳ፤ ከሌለ ግን ኮፒውም አይናቅ።

ስለ ሸክላ ባጭሩ፦ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ባለ 45ቱ ፕላስቲክ ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይጣመማል። በተጣራ ውሃ ታጥቦ፣ መርፌው 2 ግራም ገደማ ተጭኖበት ይነበብ። ሪል ካለ ግን ቢሮው ልምድ ለሌለው ሰው አይስጥ። ክሩ የሚያጣብቅ ከሆነ አንድ ጊዜ ማጫወት ብቻ ድምፁን ከላዩ ሊልጠው ይችላል።

የሚቀዳው በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ይሁን። የአንድ ሰዓት ካሴት 2 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ 500 ካሴት አንድ ቴራ ባይት ነው። ኤምፒ3 ለማዳመጫ ብቻ ይሠራ። ዋናውን ፋይል የክሩን ሹክሹክታ የሚያጠፋ ፕሮግራም እንዳይነካው፤ ሹክሹክታውን ሲያጠፋ የዘፋኙን ትንፋሽም ይዞ ይሄዳል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ከድሬዳዋ ውጭ ይቀመጥ። ካሴት በሙሉ ጊዜው ስለሚጫወት ከማጽዳቱና ከመመዝገቡ ጋር አንድ ሰው በቀን ከአራት በላይ አይሠራም። 500ውን ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጃል።

ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሁን። ኤሲ አለን ማለትም አያዋጣም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ከማይለዋወጥ ሙቀት ይብሳል። የከዚራ ዓይነት ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቤት፣ መሐለኛው ክፍል፣ ይሻላል። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደግሞ ይራቅ፤ የሐምሌ 1998ን ጎርፍ ድሬ አልረሳችም።

አንድ የአሠራር ነገር እንለምናለን። ሰው ያመጣው ካሴት በሞዴል 19 ገቢ አይደረግ። አንዴ የመንግሥት ንብረት ከሆነ በሞዴል 22 እስኪወጣ ባለቤቱ ያረጃል፤ ይህን የሚያውቅ ሰብሳቢም ዕቃውን ከሳጥኑ አያወጣም። በተራ የውሰት ደረሰኝ ይግባ፣ ተቀድቶ በማግስቱ ይመለስ፣ የተቀዳውም በፍላሽ ለባለቤቱ ይሰጥ።

መብቱን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ትርፍ የሌለበት ቅጂ በገደብ ይፈቅዳል። ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብት 50 ዓመት ስለሆነ የቀደሙት ሸክላዎች ከዚህ በኩል ነጻ ወጥተው ይሆናል። የደራሲው መብት ግን ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ዓሊ ራሱ የደረሰው እስከ 2065 ዓ.ም. የወራሾቹ ነው። ግጥሙን ሌላ ሰው ከጻፈው የዚያ ሰው መብትም ይታያል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ግጥም» እና «ዜማ» ሁለት ዓምድ ይሁኑ፤ «ዘፈን፦ ዓሊ ቢራ» ብሎ ማለፍ ነገ ፍርድ ቤት ያቆማል።

ለመጀመሪያው ወር ሁለት የተፈተሹ ቴፖችና አንድ ሸክላ ማጫወቻ እኛ እናውሳለን። ከቢሮው የምንጠብቀው የክፍሉን ቁልፍ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስና ደረሰኝ ላይ የሚፈርም ሰው ነው።

ከአክብሮት ጋር
በድሬዳዋ የሸክላና የካሴት ሰብሳቢዎችና የድምፅ ባለሙያዎች