ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ላክኸው የዱባ ዶናት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ የለም። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ሞልቷል፤ ደንገሉም አምሮበታል።

አሜሪካ ከምትሠራበት ዶናት ቤት የላክኸው የዱባ ዶናት ካርቶን ደርሷል። የደረሰው ግን ዓርብ ነው። እንቁላልና ወተት እንዳለበት ነግረኸኝ ስለነበር ማንም ሳይነካው አደረ። እህትህ ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው ብትል ከለከልኳት፤ የሊጥ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሲፈላ አንዱን ቆራርሼ አቀረብኩ።

ባሕር ዳር ላይ ቤት ከፍቼ ባቀርበው ይሸጥ ይሆን ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ የንግድ ስለሆነ መልሴም የነጋዴ ነው፤ አትቀየመኝ።

ሽታው ግሩም ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ይቀድማል፣ ዝንጅብሉ ዘግየት ብሎ ይመጣል። አባትህ አንድ ጊዜ ጎርሶ «ይኼ እኮ ሻይ ነው» አለ። ገውዙን የለየሁት ግን እኔ ነኝ፤ መከለሻ ውስጥ ስለምጨምረው አይጠፋኝም። ዱባው ግን የት ሄደ? ቀለሙን አየሁት፣ ጣዕሙን ፈልጌ አጣሁት። ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ ቡና ቤት እንደ ፈረንጆች በ2003 ያወጣው የዱባ ማኪያቶ እስከ 2015 ድረስ ዱባ አልነበረበትም ብለህ ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚያ ሰዉ «ዱባ» ሲል የሚናፍቀው «ፓይ» የሚሉትን የዱባ ጣፋጭ ቅመም ነው።

ሊጡን ስቆርሰው ክር የለውም፤ ይፈረፈራል። በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ፓውደር የተነሣ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ የቻለውም ለዚህ ነው። የእርሾው ቢሆን ኖሮ እዚህ ሲደርስ ጎማ ነበር የሚሆነው። ላዩ ላይ ያፈሰሳችሁበት ስኳር ግን አልቦ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። ጣፋጭነቱም በዛብኝ። አባትህ ግማሹን ትቶ ቡናውን ጠጣ፤ እህትህ የእሱንም ጨረሰችለት። እሷን እንደ ገበያ አትቁጠራት፣ ስኳር ብቻውንም ትበላለች።

አለቆችህ ለምን ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንደሚያወጡት ይገባኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ካለ ማን ይሰለፍለታል? የምስጋና ቀናቸው የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ነው ብለኸኛል፤ በእኛ ሲቆጠር ኅዳር አጋማሽ ላይ ይውላል። እኛ ጋ ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። እንግዲህ አስበው፤ እዚያ የዱባ ዶናት በሚደራበት ሳምንት እዚህ እንቁላልና ቅቤ ከቤት ይወጣል። እንዳለ አምጥተህ ብትከፍት ቤቱን በከፈትክ በሳምንቱ ቁጭ ብለህ ዝንብ ልታባርር ነው። የእኔ ቦምቦሊኖ ደግሞ ገበያው የሚደራው ጾም ሲገባ ነው። ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ውሃና ዘይት፤ የሚያስገድፍ ነገር የለበትም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ያሳሰበኝ። ዱባ ራሱ ጾመኛ ነው፤ ሊጥ ያያይዛል፣ ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል፤ እንቁላሉን ምን አመጣው? ከገበያ ዱባ ገዝቼ በውሃ ሳልቀቅል በእንፋሎት አበሰልኩና ፈጭቼ በወንፊት አሳለፍኩት። ከፉርኖ ዱቄትና ከእርሾ ጋር ሳቦካው ውሃ አልጨመርኩም ማለት ይቻላል፤ ዱባው የራሱን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ገውዝ ውድ ስለሆነ በኮረሪማ ተካሁት፣ ቀረፋውን ግን እንደ እናንተ አደረግሁ። እሳቱን ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የዱባው ስኳር ቶሎ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ቀዳዳውንም ከወትሮው ሰፋ አድርጌ በሳሁት።

ረቡዕ ጠዋት ወደብ አካባቢ ይዤው ወጣሁ፤ ወደ ዘጌ የሚሻገሩት ጀልባ ሲጠብቁ ቁርሳቸውን የሚገዙኝ እዚያ አይደል። አንዷ ተማሪ ሳትበላው ፎቶ አነሣችው። የባጃጅ ልጆች ዋጋ ሳይጠይቁ ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ግን ቆርሰው ውስጡን አዩና «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ እንቁላል አስገብተሽበታል» ብለው ሊመልሱልኝ ነበር። ቢጫነቱ ነው ያሳታቸው። ዱባ መሆኑን ምዬ ነገርኳቸው፤ ቀመሱና ለቤታቸውም አስጠቀለሉ። ስለዚህ አንድ ቀን የምትሸጠው ከሆነ «የጾም» የሚለው ጽሑፍ ከዋጋው በላይ በትልቁ ይጻፍ።

የዶናቱ ዱቄት ድብልቅ በከረጢት ተዘጋጅቶ ይመጣልናል፣ እሱን ገዝቼ ልምጣ ያልከውን ተወው። አባትህ የፊዚክስ መምህርነቱ ተነሥቶበት «ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋና ያረግፈዋል» እያለ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አስረዳኝ። እኔ ስንት ዓመት እዚህ ስጠብስ ያወቅሁትን ነው የሚነግረኝ፤ ዝም ብዬ ሰማሁት።

ቤት ተከራይቶ መጀመሩንም አልደግፍም። በእኔው መጥበሻ እንጀምረው፤ ጾሙ እስኪፈታ ስንት እንደሚሄድ እናያለን፤ ያኔ ስለ ቤት እናወራለን።

እስከዚያው የምትልክልኝ ነገር አለ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሣልኝ፣ ምን ምን እንደገባበት ልየው። ላዩ ላይ የሚፈሰውን ስኳር ያለ ወተት እንዴት እንደሚያደርቁትና ፀሐይ ላይ እንዳይፈስ ምን እንደሚጨምሩበት ጠይቅልኝ፤ እዚህ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ዙሪያውንና ቀዳዳውን በአንዴ የሚቆርጠውን ብረትም ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ፤ በብርጭቆ መቁረጡ ሰልችቶኛል።

ዶናቱን አትላክ። እህትህ ግን «ይላክ በለው» ብላለች።

እናትህ
ባሕር ዳር