ለአባባ፣ ስለዚያ ቀስ ያለ ዘፈን

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረስዎ። ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ጠብታውን እንዳያቋርጡ ሐኪሙ ማዘዙን ወንድሜ ነግሮኛል። ይህንንም ደብዳቤ እሱ ያነብልዎታል። አይቸኩል፣ ቀስ ብሎ እንዲያነብ ይዘዙልኝ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ለጥምቀት የመጡ ጊዜ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ጥልፌን ይዤ ስሠራ ስልኬ ላይ የተከፈተውን ዘፈን ሰምተው፣ «ይህች ሴት ምን ሆና ነው? ሌት ተቀን ይህን እየሰማሽ ልብሽ እንዳይዝል» አሉኝ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር በደንብ አልመለስኩልዎትም። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ለዚህ ነው የምጽፍልዎት።

ሴትዮዋ ሚሚ ፓርከር ትባላለች። ከባሏ ከአለን ስፓርሃውክ ጋር ሎው የሚባል ባንድ ነበራቸው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ዱሉዝ የምትባል ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ አለች። ብርዷ ለጉድ ነው ይባላል። ባንዱ የተመሠረተው እዚያ ነው። ባልና ሚስቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ ሃይማኖታቸውንም አጥብቀው የያዙ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ የሰሙት የመጀመሪያ አልበማቸውን ነው። «አይ ኩድ ሊቭ ኢን ሆፕ» ይባላል። በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ወጣ።

ያን ጊዜ እዚያ አገር የወጣቱ ሙዚቃ ጩኸት በጩኸት ነበር። ጊታሩም ይጮሃል፣ ዘፋኙም ይጮሃል። እነዚህ ግን ቀስ አሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። እንዲህ ያለውን አዘፋፈን ስሎውኮር ይሉታል። መጠጥ ቤት ሲጫወቱ ሰዉ ከተንጫጫባቸው፣ ድምፅ በመጨመር ፈንታ ጭራሽ ይቀንሱ ነበር። ይህን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ። እኛ ልጆች ሆነን ስንጮህ እርስዎ ድምፅዎን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ምን እንዳሉ ለመስማት ስንል ዝም እንላለን።

አልበሙን አንዲት ጓደኛዬ ናት በፍላሽ የሰጠችኝ። መጀመሪያ ምንም አላለኝም። አሥራ አንዱም ዘፈን አንድ ዓይነት መሰለኝና ተውኩት። ከዚያ 2016 መጣ። እዚህ ጎንደር ኢንተርኔት እንደተዘጋ ነበር። ከመሸ በኋላ መውጣትም ቀረ። ስልኬ ላይ የነበረው ዘፈን ጥቂት ነው። ሞቅ ሞቅ ያሉትን ደጋግሜ ሰማኋቸውና ሰለቹኝ። ያልሰለቸኝ ይኼው ቀሰስተኛው ብቻ ሆነ።

ጥልፍ ሲሠሩ እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ግን ሥራ ፈት ነው። እኔም ማታ ማታ ጆሮዬን ለዚህ አልበም ሰጠሁት። መጀመሪያ የለየሁት የሚሚን የከበሮ አመታት ነው። ከበሮዎቿ ጥቂት ናቸው። በብሩሽ ትዳብሳቸዋለች እንጂ ብዙም አትደበድባቸውም። ደግሞ ስትጫወት እንደ ማኅሌት ሰው ቆማ ነው። ቆይቶ ቤዝ ጊታሩ ተሰማኝ። ዜማውን የሚሸከመው እሱ ነው ለካ! ከዚያም በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ተሰማኝ። ሌላ ዘፈን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም፤ ሁሉም በድምፅ ተጠቅጥቋል። እዚህ ግን እያንዳንዷ የጊታር ድምፅ እስክትጠፋ ድረስ ጊዜ ይሰጣታል። ግጥሙም አጭር ነው። እንግሊዝኛዬን ያውቁታል፤ ግን ቃሉ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሳያመልጠኝ ያዝኩት።

ስድስተኛው ዘፈን ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ ነው። ሚሚ ልጅ እንደምታስተኛ እናት ሆና ትጀምረዋለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ጊታሩና ከበሮው ግን ይቀጥላሉ፣ ቀስ በቀስም ይጨምራሉ። መቼ እንደጨመሩ ለይቼ ልይዝ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልቻልኩም። ድንገት ቤቱ በድምፅ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። ሁሉም ዘፈን እንዲህ ነው አልልዎትም። ወደ መጨረሻው ያለ አንድ ዘፈን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ይጎተትብኛል። ስድስተኛው ግን ብቻውን ይበቃ ነበር።

አባባ፣ ይህን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዓታ ቤተ ክርስቲያን የማኅሌቱን ሥርዓት፣ አቋቋምን፣ ተምረዋል። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ መሣሪያ የለም። በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በጽፋት ከበሮው ይፈጥናል። ልጅ ሆኜ፣ «ያንኑ ለምን ይደጋግሙታል?» ብዬ ስጠይቅዎት፣ «አንዴ ብቻ የተባለ ገና አልተባለም» ብለውኛል። ልዩነቱ፣ በማኅሌቱ ዜማው ነው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፈው። አልበሙ ግን በ1986 እንደወጣ ነው፤ አንዲት ምት አልተጨመረችበትም። ደረጃ በደረጃ ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ልብሽ እንዳይዝል ላሉኝም መልሱ እዚያው ያለ ይመስለኛል። አሁን ጾም ነው፤ ከበሮውና ጸናጽሉ አርፈዋል፣ መቋሚያው ብቻ ቀርቷል። ሊቃውንቱ ልባቸው ዝሎ ነው የሚል ግን የለም። እኔም ያን ዓመት ከዚህ አልበም ጋር ሳድር ሐዘን አልጨመረብኝም። ሐዘኑማ ከደጅ ነበር። አልበሙ ያስተማረኝ ሳልቸኩል መቀመጥን ነው። በዚያ ጊዜ ከዚያ የበለጠ የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም።

ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ ስለ እነሱ ፈለግሁ። ሚሚ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በካንሰር አርፋለች። እኔ ያን ሁሉ ማታ ድምፅዋን ስሰማ እሷ አልነበረችም። ለማላውቃት ሴት አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም።

ከዚያ በኋላ አልበሙ እንደገና ሌላ ሆነብኝ፤ በተለይ የመጨረሻው ዘፈን። እሱ የራሳቸው አይደለም። እዚያ አገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የድሮ ዘፈን ነው። የሚወዳትን ፀሐዬ ይላታል፣ እንዳይወስዱበትም ይለምናል። ሌሎች ሲዘፍኑት የደስታ ዘፈን ይመስላል። እነሱ ቀስ ሲያደርጉት ልመናው ብቻ ጎልቶ ቀረ። ሲቀርጹት ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ገና ብዙ ዓመት አብረው ሊኖሩ። አሁን ስሰማው ግን ባልየው በኋላ ብቻውን የቀረበትን ቤት አስባለሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እርስዎ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ለምን ቶሎ እንደሚዘጉትም አስባለሁ። ጠይቄዎት አላውቅም።

«ምን ሆና ነው?» ላሉት፣ ያኔ ምንም አልሆነችም አባባ። ጤነኛ ነበረች፣ ከምትወደው ሰው ጋር ነበረች። ዝግ ብላ መዝፈንን የመረጠችው ራሷ ናት።

አልበሙን ለወንድሜ ስልክ ላይ ልኬለታለሁ። ጾም ነው፣ ዘፈን አልሰማም ካሉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ሲከፍትልዎት ከስድስተኛው ይጀምር። ካልወደዱት ያንኑ ይንገሩኝ፤ ከወደዱት ግን ምኑን እንደሆነ በዝርዝር እፈልጋለሁ። የእርስዎ ጆሮ እኔ ያልሰማሁትን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ስለ ሬዲዮኑም፣ ደስ ካለዎት፣ ይንገሩኝ።

ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውዎታል። የዓይን ቀጠሮዎ እንዳያልፍ።

ልጅዎ
ጎንደር