ለእማዬ፣ ከናጋኖ ተራሮች

ናጋኖ፣ ጃፓን
ኅዳር 12

ውድ እናቴ፣ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ፣ ጉልበትሽ፣ ዓይንሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ ሚካኤል ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት የጭስ ሽታ ገባና ለአፍታ ደባርቅ ያለሁ፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ኅዳርን የሚያጥን መሰለኝ። ለካ ጎረቤቴ ሽማግሌው ገበሬ የሩዝ ገለባቸውን እያቃጠሉ ኖሯል። ቡናዬን አፍልቼ እስክጨርስ ያንን ጭስ ሳይ ቆየሁና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ከደብዳቤው ጋር ሃያ ሁለት ፎቶ አለ። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ካሜራዬን አዝዬ ተራራ ለተራራ ስዞር ያነሣኋቸው ናቸው። የዓይንሽ ሞራ እንደበረታብሽ ስለሰማሁ ከየፎቶው ጀርባ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ይጥራልሽ፣ እኔ ደግሞ በቃል ላሳይሽ። ሁሉንም አላወራም፤ የአበባና የቅጠሉ ብዙ ነው፣ እሱን እሱ ይንገርሽ።

ቁጥር 1 ካሚኮቺ የሚባል ሸለቆ ነው። ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ሲሆን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በበረዶው ምክንያት መንገዱ ይዘጋል። ሲከፈትም የግል መኪና አይገባም፤ ሰው በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ይሄድና ከዚያ በእግሩ ነው። በመሀሉ የሚወርደው ወንዝ አዙሳ ይባላል። ከጥራቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከጀርባ ነጭ ሆኖ የምታዪው የሆታካ ተራራ ነው፤ ጫፉ 3,190 ሜትር ይደርሳል። እዚህ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ፉጂ እንኳ 3,776 ነው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንጀራ እየጋገርን፣ ገበያ እየወጣን እንኖራለን ስላቸው በአድናቆት ያዩኛል፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው ስል ደግሞ ካርታ ያስወጡኛል።

ቁጥር 2 እዚያው ያለ ሐይቅ ነው፣ ታይሾ ይሉታል። በ1915 እንደ ፈረንጆች ያኬዳኬ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወንዙን ገደበውና ሐይቁ ተፈጠረ። ውኃው የያዛቸው ዛፎች ደርቀው እንደቆሙ ቀሩ፤ ዛሬም አንዳንዶቹ ይታያሉ። ማለዳ ጉም ሲነሣ ካየሻቸው ነጠላ ለብሰው ለጸሎት የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ከዚያ ስመለስ ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው መንገዱን ተሻገሩ። ፊታቸው ቀይ፣ ጸጉራቸው ግራጫ ነው። ጭላዳ ትዝ አለኝና ካሜራውን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ የዝንጀሮዎቹ ፎቶ የለም።

እንደማትሰጊ ቃል ግቢልኝ እንጂ የመንገዱን ሥርዓትም ልንገርሽ። ከመነሻው ላይ ሣጥን አለ። ስሜን፣ የምሄድበትን፣ የምመለስበትን ቀን፣ ለአደጋ ጊዜ የሚጠራውን ሰው ጽፌ እከታለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ሳላስበው ያንቺን ስም ጻፍኩ፤ ኋላ ሰርዤ የሥራ ባልደረባዬን አደረግኩት። ድብ ስላለ ከቦርሳዬ ላይ ቃጭል አንጠለጥላለሁ፤ ድቡ ድምፁን ሲሰማ ገለል ይላል። በመንገድ የሚያገኙሽ የማያውቁሽ ሰዎች ሁሉ ሰላምታ ይሰጡሻል፣ ከተማ ውስጥ ግን እንዲህ አያደርጉም። ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው የሚወርደው ይቆምለታል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ዳገት ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ እንዳይቆረጥ ነው።

አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ፣ ይቅር በይኝ። በጥቅምት ስትደውዪ «ድምፅህ ምነው?» ብለሽኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም። እርጥብ ቅጠል ላይ አንሸራቶኝ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎ ነበር። ከተራራው ሥር ያሉ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ባንቺ ዕድሜ፣ ቤታቸው አስገብተው እግሬን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፉልኝ፤ ሻይና በጨው የተቀመጠ ጎመን አቀረቡልኝ። ልጆቻቸው ቶኪዮ ናቸው። ከመንደሩ ቤት ግማሹ ባዶ ነው፤ ወጣቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ሴትዮዋ እግሬን ስታሽ «እናትህ ብቻዋን ናት?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ አብሯት አለ አልኩ። እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ቁጥር 9ን ይስጥሽ። ይቺ ወፍ ራይቾ ትባላለች፣ የነጎድጓድ ወፍ ማለት ነው። በበረዶው ወራት ነጭ ናት፣ በሙቀቱ ወራት ድንጋይ የመሰለ ቡናማ ትለብሳለች። የምትኖረው ከዛፍ በላይ፣ መሬት ለመሬት በሚሳብ ጥድ ውስጥ ነው። ኖሪኩራ የሚባል ተራራ በሙቀቱ ወራት አውቶቡስ እስከ 2,702 ሜትር ያወጣል፤ ሐምሌ መጀመሪያ እዚያ ሁለት ቀን ጉም ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ጉም ሲሆን ንስር ስለማያያት ደፍራ ትወጣለች። በሁለተኛው ቀን ልብሴ ረጥቦ ልወርድ ስል፣ ከእግሬ አራት እርምጃ ላይ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። ስድስት ነበሩ። ጥቂት ይለቅሙና ይበርዳቸዋል፤ ያኔ በለሆሳስ ትጠራቸዋለች፣ እየሮጡ ከሆዷ ሥር ይገባሉ። ላባዋን ነፋ አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። ከክንፏ ሥር አንዲት ትንሽ እግር ብቻ ወጥታ ትታያለች፤ ፎቶው ላይ አለች፣ ልጁ ያሳይሽ። እኔን አልፈራችኝም። በጥንት ጊዜ ሰዉ ተራራውን እንደ ቅዱስ ቦታ ስለሚያይ እሷንም አያድናትም ነበር ይላሉ።

ቁጥር 14ን ግን እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ብዙ አስቤበታለሁ። ቦታው ኦባሱቴ ይባላል። እንደኛ አገር እርከን ተራራው ላይ የተደረደረ 1,500 ገደማ ትንንሽ የሩዝ እርሻ አለ። በግንቦት ውኃ ሲሞላ ጨረቃዋ እርሻው ውስጥ ትታያለች። ካሜራ አንዷን ብቻ ነው የሚይዝ፤ በእግርሽ ስትሄጂ ግን ጨረቃዋ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው እየዘለለች አብራሽ ትሄዳለች።

የቦታው ስም ትርጉም አሮጊት የተጣለችበት እንደማለት ነው። ተረቱ እንዲህ ነው። ድሮ አንድ ገዥ፣ ያረጀ ሰው ተራራ ላይ ይጣል ብሎ አዘዘ። አንድ ልጅ እናቱን አዝሎ ጫካ ገባ። እሷ ከጀርባው ላይ ሆና ቅርንጫፍ እየሰበረች ትጥላለች። ልጁ ተመልሳ ልትመጣ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጫፍ ደርሶ ሲያወርዳት «መንገዱ እንዳይጠፋህ ምልክት አድርጌልሃለሁ፤ ሳይመሽ ውረድ» አለችው። አልቻለም፤ መልሶ አዘላትና ቤቱ ደበቃት። ኋላ የጎረቤት አገር ሰዎች ገዥውን ከአመድ ገመድ ሥራ ብለው አስጨነቁት። ማንም አልቻለም። የተደበቀችው እናት ግን «ገመዱን በጨው ውኃ ነክራችሁ አቃጥሉት፣ አመዱ ሳይፈርስ ይቀራል» አለች። ገዥውም ትእዛዙን ሻረ።

ይህን የሰማሁ ቀን ያንን አንቀልባ አሰብኩ። አራት ዓመቴ ነበር፤ ትኩሳት ይዞኝ ወደ ጠበል አዝለሽኝ ስትወጪ ጅብራውን፣ ገደሉን፣ ጉሙን ሁሉ ያየሁት ከጀርባሽ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ተራራ እሱ ነው። አንቺም በመንገዱ ሁሉ ስሙን ትነግሪኝ ነበር።

የሞራ ሕክምናውን እኔን ሳትጠብቂ አድርጊ ብዬሽ ነበር። ያን ቃሌን አንሥቻለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ጎንደር ድረስ አብሬሽ ሄጄ፣ ዓይንሽ ታክሞ ጨርቁ እስኪነሣ ከአልጋሽ አጠገብ እሆናለሁ። ፎቶዎቹን እስከዚያ ከሣጥንሽ አኑሪያቸው፣ ጭስ እንዳይነካቸው በነጠላ ጠቅልያቸው። ዓይንሽ ሲከፈት የወፏን መጀመሪያ እዪ።

ልጅሽ