ንጋት ሐይቅ ለሕዝቡም ዳርቻ ይኑረው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ግድቡ ስለፈጠረው ስለ ንጋት ሐይቅ ብዙ ይወራል። ዓሣ ይመረትበታል፣ ጀልባ ይንሸራሸርበታል፣ ሎጅ ይሠራበታል ይባላል። ደስ ይላል። ግን ሎጅ ገብቶ ማደር የማይችለው ሰው የት ሊቀመጥ ነው?

ግድቡ ሲሠራ ሕዝቡ ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ ቦንድ እየገዛ ዓመታት አዋጥቷል። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ሊስትሮው ሳይቀር። ስለዚህ ከሐይቁ ዳርቻ የተወሰነው ክፍል፣ ያውም ጥሩ ጥሩው ቦታ፣ ለባለሀብት ተሸንሽኖ ሳያልቅ የሕዝብ ተብሎ ካርታ ላይ ይከለል። አሁን ነው ጊዜው። አንዴ አጥር ከታጠረ በኋላ መንገድ ማስከፈት ምን ያህል እንደሚያለፋ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ጉዳይ አሠራሩ ነው። ከቤተሰቤ ጋር ወደ አንድ የኃይል ማመንጫ ሐይቅ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወሩ ግንቦት ነበር። የጀልባ መሳፈሪያው በሲሚንቶ የተሠራ፣ ጠንካራ ነው። ውሃው ግን ትቶት ሄዷል። ደረጃው የሚያልቀው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ላይ ነው። ጀልባዋ ጋ ለመድረስ ሰዉ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ያንን ጭቃ ያቋርጣል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከመኪና ሳትወርድ ተመለሰች። አረፍ የሚባልበት ጥላ የለም። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

መሳፈሪያውን የሠራው ሰው ሐይቁን ያየው በመስከረም ይመስለኛል። የኃይል ማመንጫ ሐይቅ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ተርባይን እያዞረ ይጎድላል። ንጋት ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ሜትር ሲወርድ ገደላማው ዳርቻ ላይ ብዙም ላያስታውቅ ይችላል። ሜዳው ላይ ግን ውሃው በመቶዎች ሜትር ይሸሻል። አሜሪካኖችም በሁቨር ግድብ ምክንያት በተፈጠረው በሚድ ሐይቅ ይኸው ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሐይቁ መጀመሪያ ከሞላበት ከ1930ዎቹ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ሲጎድል፣ ብዙዎቹ የጀልባ መውረጃዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከውሃው ጋር የሚወርድና የሚወጣ ተንሳፋፊ መሳፈሪያ መሥራት፣ ቦታውንም ውሃው በጣም በሚጎድልበት ወር ሄዶ አይቶ መምረጥ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ድረስ ደግሞ ሽማግሌም፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም የሚያልፍበት የተደለደለ መንገድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም የሐይቆቹን የውሃ መጠን በየሳምንቱ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይወጣል።

ከግድብ በታች ያለው ወንዝ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ረጋ ብሎ ሲፈስ ያየ ሰው ልጆቹን ይዞ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ተርባይን ሲነሳ ወይም በር ሲከፈት ግን ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ሳይረን ይኑር። ሰሌዳው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋዎችም ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችልም ሥዕል ይኑረው። ጀልባ ላይ ለሕፃናት ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ከሌለ ሕፃን አይሳፈር።

ለዚህ ሁሉ የግድ ንጋትን መጠበቅ የለብንም። ኮካ አለ። የኮካ ግድብ ሥራ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐይቁ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚኬድበት ነው፣ ጉማሬ አለው፣ ወፍ ሞልቶታል። አዞም ስላለ የት መቆም እንደሚቻልና የት እንደማይቻል በግልጽ መከለል አለበት። እምቦጭ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያስቸገረው ሐይቅ ነው። አረሙ ሳይነሳ ጀልባ አምጥቶ መደርደር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። እዚያ አንድ ዳርቻ በደንብ ተሠርቶ ቢሞከር ለንጋት ብዙ ትምህርት ይገኝበታል።

መሥራቱ እንኳን ቀላል ነው፣ የሚከብደው መያዙ ነው። መጸዳጃ ቤት ውሃና ጽዳት ካልተመደበለት በወር ውስጥ ይዘጋል። ጽዳቱንም፣ ጥበቃውንም፣ ጀልባውንም የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ቢይዙት ገቢውም እዚያው ይቀራል። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚያወጡበት ቦታ ግን ለመዝናኛ ተብሎ እንዳይነካባቸው። በአሜሪካ የኃይል ማመንጫ ግድብ ለመሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት ለሕዝቡ መዝናኛ ምን እንደሚያዘጋጅ ዕቅድ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ሠርቶ መያዙ የፈቃዱ ግዴታ ይሆናል። የእኛም ግድቦች ዕቅድ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢገባ፣ ኃላፊነቱ የማን ነው እየተባለ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ይቀራል።

አዘጋጅ ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋዜጠኞቻችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ሲያገኙ ይህን ይጠይቁልን፦ ከንጋት ሐይቅ ዳርቻ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የተከለለ ቦታ አለ ወይ? ካለ የት ነው? መልሱንም ካርታው ጭምር ብታወጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ