እራት ሰዓቱ ለምን ተቀየረ? ለስኮትላንድ ጉዞ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ነሐሴ ከኤድንብራ ተነስተን በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ሎክኢንቨር ከምትባል መንደር አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ሆቴል የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ስለነበር ማናችንም መሽቷል ብለን አላሰብንም። ኩሽናው ግን ተዘግቷል። ሼፉ ሄዷል። የሆቴሏ ባለቤት ደንግጣ ዳቦና አይብ ይዛ መጣች። ፍልሰታ ነበርና ማንም አልነካውም። ጾም ላይ መሆናችንን ስንነግራት መነጽሯን አደረገችና የአጃ ብስኩት ፓኬት አንስታ ጀርባውን አንድ በአንድ አነበበች። ቅቤም ወተትም እንደሌለበት ስታረጋግጥ ከቲማቲም፣ ከማርማላታና ከሻይ ጋር አቀረበችልን። ስድስት ሰው በዚያ አደረ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አንዳንዶቻችሁ ቅሬታ ጽፋችሁልናል። ልክ ናችሁ። ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የሆቴሏ አይደለም። መንገድ ላይ ብዙ ቆመናል፤ እንደምንዘገይ አልደወልንም፤ ጾም መሆኑንም ቀድመን አልነገርናቸውም። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም አሠራራችንን ቀይረናል። ምን እንደቀየርንና ለምን እንደቀየርን አንድ በአንድ ልንነግራችሁ ወደድን።

መጀመሪያ ስለ ሆቴሎቹ። በስኮትላንድ ምዕራብና ሰሜን ዳርቻ የምንወስዳችሁ ቤቶች ለንደን ወይም አዲስ አበባ ሆቴል ስንል የምናስበው ዓይነት አይደሉም። ስምንት ወይም አሥር ክፍል ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት የሚያስተዳድሯቸው ቤቶች ናቸው። ታች ያለው ቡና ቤት የመንደሩ ሳሎን ነው ማለት ይቻላል። ዓሣ አጥማጁ ሥራ ሲጨርስ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ሠርግም ሆነ የለቅሶ ሻይ እዚያው ይደረጋል። ብዙዎቹ ድሮ የጀልባ መሻገሪያ ላይ የነበሩ የመንገደኛ ማረፊያዎች ናቸው። ካይልስኩ የምትባለውን መንደር ላያችሁ ይህ ግልጽ ነው። ድልድዩ በ1984 (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እስኪከፈት ድረስ መኪና በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ጀልባው ካመለጠህ ወይ ታድራለህ፣ ወይ 100 ማይል ገደማ ትዞራለህ። ሆቴሉ ዛሬም ከድሮው የጀልባ መውጫ አጠገብ ቆሟል።

ኢንቨርነስ ከተማ ላይ ትልቅ ሆቴል ይዘን በየቀኑ ደርሶ መልስ ብንወስዳችሁ ለእኛ ይቀለን ነበር። ዋጋውም ይረክስ ነበር። ግን ባሕሩን የምታዩት ከመኪና መስኮት ብቻ ይሆናል። ከ2015 ወዲህ "ኖርዝ ኮስት 500" በሚል ስም የታወቀው፣ ከኢንቨርነስ ተነስቶ ዳርቻውን ዞሮ የሚመለስ የ516 ማይል መንገድ ብዙ ሰው አምጥቷል። ከሚመጣው ሰው ብዙው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኛ የምንፈልገው እናንተ እዚያው አድራችሁ፣ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲወጡ እንድታዩ ነው።

አሁን ወደ እራቱ።

በእነዚህ መንደሮች ኩሽና የመጨረሻ ትዕዛዝ የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ቀደም ይላል። "ቱሪስት እየመጣ ለምን ይዘጋሉ?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ብዙውን ጊዜ ሼፉ አንድ ነው፤ ያው ሰው ጠዋት ቁርስ ይሠራል። በብሪታንያ የሥራ ሰዓት ደንብ መሠረት ደግሞ ሠራተኛ በሁለት የሥራ ቀናት መካከል በመደበኛነት 11 ሰዓት ማረፍ አለበት። ማታ 3 ሰዓት ተኩል የወጣ ሼፍ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ምጣድ ሊጥድ አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ እናንተ እራት ላይ የምትዘገዩባት እያንዳንዷ ሰዓት ከቁርሱ ላይ ትቀነሳለች።

ተጨማሪ ሰው ይቅጠሩ እንዳይባል፣ ሰው የት ይደር? መንደሩ ውስጥ የሚከራይ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ብዙው ቤት የበዓል ማረፊያ ሆኗል። ከአውሮፓ እየመጡ ቱሪስት በሚበዛበት በጋ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶችም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ከ2020 መጨረሻ በኋላ እንደ ድሮው በቀላሉ መምጣት አልቻሉም። ሠራተኛ የሚያድረው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንድ የእንግዳ ክፍል ተቀነሰ ማለት ነው። ሁኔታውን በቅርብ ስናየው ቅሬታችን ቀርቶ አድናቆት ሆነብን። በሦስትና በአራት ሰው ጉልበት ሠላሳ እንግዳ ያበላሉ።

ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በእንግሊዝ አቆጣጠር 7 ሰዓት መሆኑ ነው፤ በምንልክላችሁ ወረቀት ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን። የምግቡን ምርጫ ከሦስት ቀን በፊት በስልክ እንጠይቃችኋለን። መንገድ ላይ የምንቆምባቸውን ቦታዎችም ቀንሰናል። አፕልክሮስ የምትባለውን የባሕር ዳር መንደር ለሚወዱ ይህ እንደሚከብድ እናውቃለን። ወደዚያ የሚያሻግረው "ቢያላህ ና ባ" የተባለው የተራራ መንገድ 626 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ስሙ በጌሊክ የከብቶች መተላለፊያ ማለት ነው። ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ መንገድ ስለሆነ ከፊት መኪና ሲመጣ በየመተላለፊያው ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ ብዙ ሰዓት ይበላል። ለዚህ ነው ለብቻው አንድ ቀን የሰጠነው።

ስለ ምግቡ ትንሽ ረዘም አድርገን እንጻፍ። ብዙ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ዳርቻ በሰፊው የሚታወቀው በላንጉስቲን (ሽሪምፕ የሚመስል፣ ረጅም መቆንጠጫ ያለው)፣ በሸርጣንና በስካሎፕ (ዛጎል ውስጥ የሚኖር) ነው። ላንጉስቲኑን በወጥመድ ከባሕር ወለል ያወጡታል። ብዙው ያንኑ ቀን በመኪና ተጭኖ ወደ ስፔንና ፈረንሳይ ይሄዳል። የቀረው ምሽት ላይ ሳህን ላይ ታገኙታላችሁ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማትበሉ ደንበኞቻችን ግን ይህ ሁሉ አይሆንም። ብዙዎቻችሁ እንደዚያ ናችሁ። ስለዚህ ከየሆቴሉ ጋር ተነጋግረን ሃዶክ፣ ኮድ ወይም ሳልሞን የተባለ ዓሣ ሁልጊዜ እንዲኖር አድርገናል። ሦስቱም ክንፍና ቅርፊት አላቸው። "መንክፊሽ" የሚል ካያችሁ ግን ቅርፊት የለውም፤ ቀድማችሁ እወቁት።

"ከለን ስኪንክ" የሚባለውን ሾርባ ፍስክ የሆነ ሰው ሳይቀምስ እንዳይመለስ እንመክራለን። በጢስ የደረቀ ሃዶክ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ወተት ነው። ስሙን ያገኘው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ካለችው ከለን ከምትባል መንደር ነው። ሃጊስን ደግሞ ፈርታችሁ አትለፉት። የበግ ሳምባ፣ ልብና ጉበት ተከትፎ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር የሚበስል ነው። ዱለት ለሚወድ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቁርስ ላይ የሚመጣው ጥቁሩ ቋሊማ ግን ደም አለበት። ቤከኑ የአሳማ ነው። ለአብዛኞቻችሁ ሁለቱም ስለማይሆኑ ከሳህኑ ላይ እንዲነሱ አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

ሙስሊም ደንበኞቻችን ሆይ፣ በእነዚህ መንደሮች ሐላል ሥጋ አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ። ዓሣና አትክልት ግን ሞልቷል። ዓሣው የሚነከርበት ሊጥ ቢራ ሊኖርበት ስለሚችል እኛ እንጠይቅላችኋለን። ድንች ጥብስም አንዳንድ ቦታ በከብት ስብ ይጠበሳል። ይህ ጾመኛንም ይመለከታል።

የፍልሰታ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም በአውሮፓውያን ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ሆቴሎቹ በጣም የሚጨናነቁበት ወቅትም ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ያልገባን ነገር ቢኖር፣ ቀድሞ ከተነገራቸው እነዚህ ሰዎች ጾምን ለማስተናገድ የማይቸገሩ መሆናቸው ነው። "ቪጋን" (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ የአገሬው ጥንታዊ ገንፎ የአጃ ነው፤ በውኃና በጨው ብቻ ይሠራል። የጾም ምግብ ማለት ይህ ነው። ሥጋ የሌለበት ሃጊስም በየቦታው አለ፤ ጾም መሆኑን ግን እያንዳንዱን እናጣራለን።

እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለምትጾሙ ደግሞ ጠዋት ተነስታችሁ ያልበላችሁትን ቁርስ መክፈል የለባችሁም። ከአብዛኞቹ ሆቴሎች ጋር ተስማምተናል። ማታውኑ ከተነገራቸው በቁርሱ ፈንታ የታሸገ ምሳ ይሰጧችኋል። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ ሑሙስ የሚባለው የሽምብራ ማባያና የአጃ ብስኩት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን እንበላዋለን።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችሁ። ክፍል ውስጥ ቡና አትቁሉ፤ ዕጣንም አታጭሱ። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት የቡና ጢስ የእሳት ማንቂያውን አስጮኸው። እንግዳው ሁሉ፣ ሕፃን የታቀፈችም ጭምር፣ በሌሊት ልብሱ ብርድ ላይ ወጣ። በእነዚህ መንደሮች የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቋሚ ተቀጣሪዎች አይደሉም። ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ሲጠሩ ከያሉበት የሚሮጡ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። ከአልጋቸው ነበር የተነሱት። ማንም ክፉ አልተናገረንም፤ ያም ይበልጥ አሳፈረን። ቡናውን ቤታችሁ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ አምጡ። ጀበናና አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ሚኒባሱ ላይ አለ። አሸዋው ላይ እናፈላለን። ነፋስ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል "ሚጅ" የምትባለው ደቃቅ ተናካሽ ትንኝ በመንጋ ትወጣለች።

ስለ ክፍሎቹ ብዙ አንልም። ሊፍት የለም። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እናትና አባታቸውን ከአገር ቤት አስመጥተው ለሚወስዱ ልጆች ይህን የምንነግራቸው ጉልበት የሚያማቸው ካሉ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ቀድመን እንድንይዝ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል በብዙ ሆቴል አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። የገንዳው ውኃ አንዳንድ ቦታ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ውኃው በረግረጉ አፈር ውስጥ ሲያልፍ የሚይዘው ቀለም ነው።

እናቶችን ካነሳን አይቀር፣ ፕሎክተን መንደር ላይ አንዲት እናት ከሚኒባሱ ሲወርዱ ዳር ዳሩን የተተከሉትን ዛፎች አይተው "ዘንባባ!" ብለው ቆሙ። ዘንባባ የሚመስሉ፣ ከኒው ዚላንድ የመጡ ተክሎች ናቸው። ሞቃቱ የባሕር ጅረትና ከነፋስ የተጠለለው ወሽመጥ ስላለ ነው እዚያ የሚኖሩት። እማማ ግን አንዱን ቅጠል በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ለሆሳዕና ይበቃል አሉ። ፎቶውን ቢሯችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

ወደ ሉዊስ ደሴት ለምትሻገሩ ደግሞ ስለ እሑድ እንንገራችሁ። እዚያ ሰንበት አጥብቆ ይከበራል። ከኡላፑል ወደብ ወደ ደሴቲቱ ከተማ ስቶርኖዌይ የእሑድ ጀልባ የተጀመረው እንኳ በ2009 ነው። ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል። የእሑድን እራት ሆቴላችን ውስጥ አስይዘናል፤ ነዳጅም ቅዳሜ እንሞላለን።

የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ለምትከተሉን፣ ስኮትላንድ ውስጥ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ነው፤ እንግሊዝ 80 ነው። እራት ላይ የሚጠጣ ሰው ጠዋትም አይንዳ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዘንድሮ ሲሶውን በቅድሚያ እንቀበላለን፤ ጉዞው 21 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው የተሰረዘ ክፍል ገንዘብ ግን አይመለስም። ይህን ያደረግነው ስምንት ክፍል ባለው ቤት ሁለት ክፍል በመጨረሻ ሰዓት ሲቀር የሌሊቱ ገቢ ሩብ ስለሚጠፋ ነው። በአውሮፓው ክረምት፣ ብርዱ ሲመጣ፣ ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በእነዚህ ጥቂት ወራት ገቢ ነው። ጉርሻ በእኛ ዋጋ ውስጥ የለም። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ጉርሻ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው እንዲደርስ ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ያስደሰታችሁ ሰው ካለ በካርድ ብትሰጡም ይደርሰዋል።

የፍልሰታ ተጓዦች ስማችሁን እስከ ሰኔ 23፣ ማለትም በአውሮፓውያን እስከ ጁን 30፣ አሳውቁን። ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሚጾም፣ ዓሣ የሚበላና የማይበላው ማን እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ካለም ንገሩን። ያቺ መነጽሯን አድርጋ ፓኬት ያነበበችልን ባለቤት ባለፈው ወር ደውላልን ነበር። በነሐሴ ስንት ጾመኛ እንደምናመጣ ጠየቀችን። ምስር መግዛት ፈልጋ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ አዘጋጆቻችሁ
ኤድንብራ