የአራተኛው ፎቅ ደረጃ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው በስልክ «ኤችአይቪ ቫይረሱ በደምሽ አይታይም ተብያለሁ፣ ታዲያ ስፖርቱ ምን ይጨምርልኛል?» ያልሽኝ በሁለት ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም። ለዚህ ነው መጻፌ።

የደም ሥር ዝም ብሎ ቧንቧ አይደለም። ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሴሎች ተለብጧል። ደም ፈጠን ብሎ ሲያልፍ እነዚህን ሴሎች ያሻቸዋል፤ እነሱም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ይላላና ሥሩ ይሰፋል። ይህን የደረሱበት 3 አሜሪካውያን በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ግን፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢያፍነውም እንኳ፣ ሰውነት በረመጥ ላይ እንደቆየ ድስት ውስጥ ውስጡን መቆጣቱን ሙሉ በሙሉ አይተውም። ያ ስስ ሽፋን ይጎዳል፣ ጋዙ ያንሳል፣ ሥሩ ይደድራል፣ ስብም ይለጠፍበታል። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች በርከት ብሎ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስትራመጂ የሚፈጥነው ደም ሽፋኑን ሥራ ያስይዘዋል። ጥቅሙ ግን አይጠራቀምም፤ ለሳምንታት ከተውሽው ይጠፋል። ስለዚህ እሑድ አንድ ቀን እስኪያልብሽ ከመሮጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል።

ስፖርት የመድኃኒት ምትክ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ስማርት የተባለ ጥናት 5,472 ሰዎችን የያዘ ነበር፤ መድኃኒቱን እያቋረጡ እንዲወስዱ የተደረጉት ሳያቋርጡ ከሚወስዱት ይልቅ በበሽታም በሞትም ተጎዱ፣ የልብ ችግሩም በዛባቸው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ክብደት ጨመረብኝ ብሎ መተውም ያው ነው። ለክሊኒኩ ይነገራል እንጂ ፍሬው አይዘለልም። ወገብሽን ግን በወር አንዴ ለኪ፤ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተሽ። ከ80 ሴንቲሜትር ካለፈ መጠንቀቅ ነው።

አሁን ወደምትኖሪበት ወደ ኮዬ ፈጬ ልምጣ። ሊፍት የለውም ብለሽ የምታማርሪው ሕንፃ ጂም ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በሳምንት 4 ቀን 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ ተራመጂ። ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርሽ 30 ደቂቃ ድረሺና በሳምንት 5 ቀን አድርጊው፤ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ትንሹ ብሎ ያስቀመጠው እሱን ነው። ፍጥነቱ እያወራሽ የምትሄጂበት፣ ዘፈን ግን የማይወጣልሽ ይሁን። በቁጥር ከፈለግሽ ሌባ ጣትሽንና መሐል ጣትሽን አንጓሽ ላይ አድርገሽ 15 ሰከንድ ቁጠሪ፤ በ31 ዓመትሽ ከ30 እስከ 36 ምት ጥሩ ነው። በአውራ ጣት አትቁጠሪ፣ የራሱ ምት ያሳስትሻል። ከዋናው አስፋልት ራቂ፤ የገልባጭ መኪና ጭስ እየሳብሽ መራመድ የደም ሥርን ይጎዳል። በክረምት ጭቃው ካላስወጣሽ ደረጃው አለ፤ መጀመሪያ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ እንደገና። ጭንሽን የሚያሳምምሽ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነውና መጀመሪያ ላይ ቀስ ብለሽ ውረጂ።

ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ይዘሽ፣ ትንፋሽሽን አፍነሽ አራተኛ ፎቅ እንደምትወጪ አውቃለሁ። ተዪው። ትንፋሽ ታፍኖ ከባድ ነገር ሲነሣ የደም ግፊቱ ለቅጽበት ወደ ላይ ይተኮሳል። በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፋፍለሽ በሁለት እጅ ያዢ፣ ስታነሺ ትንፋሽ አውጪ፣ በየፎቁ አሳርፊ። በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይዘሽ ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ በዪ፤ 10 ጊዜ፣ ትንሽ አርፈሽ ሌላ 10። ስትነሺ ማስወጣት፣ ስትቀመጪ ማስገባት። ቴኖፎቪር የተባለው ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒትሽ አጥንትን ትንሽ ስለሚያሳሳ ይህ ለአጥንትሽም ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው የሚቀጥለውን ነው። ጡንቻ ሲያም ፋርማሲ ሄዶ ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ መዋጥ ልማድ ሆኗል። ከቴኖፎቪር ጋር ሲደራረብ ኩላሊት ላይ ጫና ያሳርፋል፤ ፓራሲታሞል ይበቃሻል፣ እሱም ከታዘዘው ሳያልፍ። ስፖርት ቤት የሚሸጡትን የክሬአቲን ዱቄት አትንኪ። ዶሉቴግራቪር ራሱ ኩላሊትን ሳይጎዳ የኩላሊት ሥራ የሚለካበትን የክሬአቲኒን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ ዱቄቱ ሲጨመርበት ላብራቶሪው ግራ ይገባውና በሌለ በሽታ ትጨነቂያለሽ። ለጨጓራ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት መድኃኒት ከወሰድሽ ዶሉቴግራቪሩን ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ6 ሰዓት በኋላ ዋጪ።

ግፊትሽን ስትለኪ 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እግርሽ መሬት ይንካ፣ ክንድሽ በልብሽ ልክ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጪ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከመጣ ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ ሐኪሙን አሳዪ። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ስለሚያንር፣ ጓደኞችሽ «አንድ እንጨት ብቻ» ቢሉሽም አትቀበዪ። እንጦጦ ከእነሱ ጋር ለመውጣት ካሰብሽ ደግሞ ዳገቱ ላይ እሽቅድምድም የለም፤ እዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ልብ ቶሎ ይፈጥናል።

ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለሽ ስፖርቱን ተዪና መጀመሪያ ተመርመሪ። ስትራመጂ ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ ራስሽ ከዞረብሽ፣ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድሽና መንጋጋሽ ከሄደ እዚያው ቁሚ፣ ሰው ጥሪ፣ «ይለቀኛል» ብለሽ ደረጃ አትውጪ። እግርሽ የሚደነዝዝሽ ከሆነ ማታ ማታ የውስጥ እግርሽን እይ፤ የማይሰማሽ ቁስል ሊኖር ይችላል።

ቅዳሜ ስትመጪ ያንን አሮጌ ጫማሽን ይዘሽ ነይ፤ ሶሉ በየትኛው ጎን እንደተበላ አይቼ አዲሱን አብረን እንገዛለን። ሜትሩንም አትርሺ።

እናትሽ